ከ«አብሽር» በኋላ፦ ሕመምን ነርቩ ላይ ማስቆም፣ ከዋጃ መንገድ ሲታይ

እንበል ኅዳር ነው፤ የራያ ቆላ ማሽላ እየታጨደ ነው። ዋጃ አጠገብ አንድ የ60 ዓመት አባት ጭነት ከያዘ ግመል ጋር ሲታገሉ ወድቀው የጭናቸው አጥንት ተሰብሯል። ጎረቤት በቃሬዛ አንስቶ አስፋልቱ ዳር ያደርሳቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የአካባቢው ሰው በቃሉ ያውቀዋል፦ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያው ቆቦ፣ ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልድያ፣ እዚያም የአጥንት ሐኪም ወይም አልጋ ከጠፋ ሌላ 120 ኪሎ ሜትር ያህል እስከ ደሴ። በሰሜን በኩል አላማጣ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ። በየበሩ የሚደረገው ግን ብዙም አይለያይም። ግሉኮስ ይሰቀላል፣ ዲክሎፌናክ ይወጋል፣ እግሩ በተገኘ ካርቶን ወይም ጣውላ ይታሰራል፣ ሪፈር ይጻፋል። ራስጌ የተቀመጠው ዘመድ ደግሞ ወሎ ለታመመ ሰው ያስቀመጠችውን ቃል ደጋግሞ ይሰጣል፦ «አብሽሩ አባቴ፣ አብሽሩ»።

አብሽር መልካም ቃል ነው፤ ልብ ይደግፋል። አምቡላንሱ ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር ግን የጭኑ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የአጥንቱ ስባሪ ሥጋውን ይወጋል፣ የተወጋው ሥጋ መልሶ ይኮማተራል። ይህን አዙሪት የሚሰብር መድኃኒት ከተገኘ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። መድኃኒቱን በግምት ሳይሆን በዓይን እያዩ ትክክለኛው ነርቭ አጠገብ የሚያስቀምጡበት ዘዴም 30 ዓመት አልፎታል። ታዲያ እንዲህ ያለው ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ ለምን ዘገየ? ይህ ዳሰሳ የሚያገላብጠው ይህን ጥያቄ ነው። መልሱ «መሣሪያ የለም» ከሚለው ትንሽ ራቅ ይላል።

«ነዘረኝ»

አማርኛ ለሕመም ቃል አያንሰውም። ቁስል ይጠዘጥዛል፣ ጎን ይወጋል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ቃጠሎ ያንገበግባል፣ ነርቭ ሲነካ ደግሞ ይነዝራል። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ለጉዳያችን ቁልፍ ናት። ክርኑን በአልጋ ጠርዝ የመታ ሰው እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ «ነዘረኝ» የሚለው በክርኑ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ስለተመታ ነው። የድሮዎቹ ሐኪሞች በመርፌ ጫፍ ሲያድኑት የኖሩት ይህንኑ ንዝረት ነበር። በሽተኛው «ነዘረኝ» ካለ መርፌው ደርሷል፤ ማደንዘዣው ይለቀቃል። ካላለ መርፌው ወጥቶ እንደገና ይገባል። በኋላ ጡንቻን በትንሽ ኤሌክትሪክ እያስደነገጠ ነርቩ የት እንዳለ የሚጠቁም መሣሪያ መጣ፤ ያም ቢሆን ጨለማ ውስጥ በዘንግ መንገድ እንደ መዳሰስ ነው።

ነርቭ ብሎክ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው፦ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ሳያስተኙ ወይም ከወገብ በታች በሞላ ሳያደነዝዙ፣ ሕመሙን ከተጎዳው ቦታ ወደ አንጎል የሚወስደውን ነርቭ ለይቶ ለተወሰኑ ሰዓታት ዝም ማሰኘት። ነርቭ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ሶዲየም በሚገባባቸው ጥቃቅን በሮች ነው፤ ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን የመሳሰሉት መድኃኒቶች እነዚያን በሮች ይዘጋሉ። ሊዶኬይን ቶሎ ይጀምራል፣ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ በሦስት ሰዓት ይለቃል። ቡፒቫኬይን ዘግየት ብሎ ይጀምርና ግማሽ ቀን ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከቆቦ ደሴ ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ መንገዱን ሁሉ መሸፈንና መንገድ ላይ መቅረት ነው።

ታሪኩ የጀመረው ቪየና ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ካርል ኮለር የተባለ ወጣት ሐኪም ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አሳየ። ወዲያው ኒው ዮርክ ውስጥ ዊሊያም ሃልስቴድና ባልደረቦቹ ኮኬይኑን በቀጥታ ነርቭ አጠገብ መውጋት ጀመሩ፤ የሞከሩትም በራሳቸው ላይ ነበርና ሃልስቴድ የሱሱ ምርኮኛ ሆኖ ቀረ። በ1898 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው አውጉስት ቢር የጀርባ መርፌን ለዓለም አስተዋወቀ። ቢርና ረዳቱ እርስ በርስ ለመሞከር ተነሥተው፣ የረዳቱ እግር መደንዘዙን ለማረጋገጥ ቅልጥሙን በመዶሻ እስከ መምታት ደርሰዋል። በማግስቱ ሁለቱም ታመሙ፤ ቢር ቀና ባለ ቁጥር ራሱን ያመው ነበር። በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶች ስለ ጀርባ መርፌ የሚያወሩት ራስ ምታት እንግዲህ ከመርፌው እኩል ዕድሜ አለው። ከዚያ በኋላ ከኮኬይን የተሻሉ መድኃኒቶች ተራ በተራ መጡ፦ በ1905 ፕሮኬይን፣ በ1940ዎቹ ሊዶኬይን፣ በ1957 ቡፒቫኬይን፤ የኋለኞቹ ሁለቱ የስዊድን ኬሚስቶች ሥራ ናቸው።

አልትራሳውንድ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የደም ሥርን ድምፅ በሚሰማ መሣሪያ ተመርተው አንገት ሥር ያለውን የክንድ ነርቭ ያደነዘዙ ሐኪሞች ነበሩ። መርፌውንና የመድኃኒቱን ፍሰት በስክሪን እያዩ መሥራት ግን ስም ያገኘው በ1994 ሽቴፋን ካፕራልና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ሥራ ነው። እነሱም የቪየና ሰዎች ናቸው። ኮለር በጀመረባት ከተማ ከ110 ዓመት በኋላ መርፌው ዓይን አገኘ ማለት ይቻላል።

በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ለማያውቅ ሰው ሁሉም ግራጫ ዳመና ነው። ለለመደ ዓይን ግን ደም ሥር ጥቁር ክብ ሆኖ ይመታል፤ ጡንቻ እንደ ተፈተለ ጥጥ ተሸንሽኖ ይታያል፤ ነርቭ እንደ ማር እንጀራ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ይሆናል። አንገት ሥር ያሉት የክንድ ነርቮች የወይን ዘለላ ይመስላሉ። መርፌው እንደ ነጭ ክር ገብቶ ሲቆም መድኃኒቱ በነርቩ ዙሪያ እንደ መስኖ ውኃ ሲሰርግ ይታያል። የቆቦ ጊራና መስኖ ሽንኩርት ሲጠጣ ያየ ሰው ይህን ምስል ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፦ ውኃው መደቡ ውስጥ ከገባ ሥራው አለቀ፤ ከቦዩ ወጥቶ ከፈሰሰ ዋጋ የለውም።

የተረጋገጠውና ያልተረጋገጠው

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አዲስ መሣሪያ ሁልጊዜ ከሥራው የሚበልጥ ወሬ ይከተለዋል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ በአልትራሳውንድ የተሠራ ብሎክ በሌላ ዘዴ ከተሠራው ይልቅ ይሳካል፣ ሌላ ማደንዘዣ የመጨመር ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ደም ሥርን በስሕተት መብሳትንም ያሳንሳል ይላል። መድኃኒት ወደ ደም ገብቶ የሚያስከትለው መመረዝም በአልትራሳውንድ እንደሚቀንስ ብዙ ሺህ ብሎኮችን የመዘገቡ ሥራዎች ያሳያሉ። ለዘለቄታው የሚቀር የነርቭ ጉዳት ግን በአልትራሳውንድ መቀነሱ አልተረጋገጠም። ከበፊቱም ብርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ10,000 ብሎክ ከ2 እስከ 4 ነው። ስለዚህ «በአልትራሳውንድ ከተሠራ ነርቭ አይጎዳም» የሚል ሻጭም ሆነ ሐኪም ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል።

የግመሉ አባታችንን የሚመለከተው ማስረጃ ከሁሉም ጠንካራው ነው። የዳሌና የላይኛው ጭን ስብራት ላለባቸው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ብሎክ ሲሰጥ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚሰማው ሕመም ከ10 ነጥብ 2.5 ያህል እንደሚወርድ በ2020 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ አሳይቷል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሽማግሌዎች ሆስፒታል ሲተኙ የሚይዛቸው መቀባዠር ይቀንሳል፤ የሳንባ ኢንፌክሽኑም እንዲሁ። ይህን መቀባዠር ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ቦታው ተጸናወታቸው» ወይም «ዕድሜ ነው» ይለዋል። ሕመም ራሱ ያመጣው ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው።

ለጭን ስብራት የሚሰጠው አንዱ ብሎክ፣ ባለሙያዎቹ «ፋሺያ ኢሊያካ» የሚሉት፣ መርፌውን ከዋናው ነርቭና ከደም ሥሩ አርቆ፣ ብሽሽት አካባቢ ከጡንቻው በላይ ካለው ስስ ሽፋን ሥር ያስቀምጣል። መድኃኒቱ በሽፋኑ ሥር ተንሸራትቶ ነርቮቹ ጋ ይደርሳል። ፈረንሳዊው ዳላን በ1989 እ.ኤ.አ. ሲገልጸው በልጆች ላይ ያለ ምንም ስክሪን ነበር፤ ደነዝ ጫፍ ያለው መርፌ ሁለቱን ሽፋኖች ሲበሳ እጅ ላይ ሁለት ጊዜ «ጧ» ይላል፣ ከሁለተኛው «ጧ» በኋላ መድኃኒቱ ይለቀቃል። በኔዘርላንድ የአምቡላንስ ነርሶች ይህንኑ ዘዴ ተምረው፣ ሐኪም ሳይኖር፣ መንገድ ላይ ሰጥተው ሕመሙን እንደቀነሱ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በአውስትራሊያም የአምቡላንስ ባለሙያዎች ተመሳሳይ ነገር ሠርተዋል። የአሜሪካ የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2021 ባወጣው አቋም በአልትራሳውንድ የሚመራ ብሎክ የድንገተኛ ሐኪም መደበኛ ሙያ ነው ብሏል።

ሌሎቹን በቶሎ ላንሣቸው። ለእጅና ለክንድ አንገት ሥር ወይም ብብት ላይ የሚሰጥ ብሎክ አለ፤ አንገት ላይ የሚሰጠው ዲያፍራምን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ በአንድ ወገን ስለሚያደነዝዝ ሳንባው ለደከመ ሰው አይሆንም። ለእግር መዳፍ ከጉልበት ጀርባ ይሰጣል። ለጎድን አጥንት ስብራትና ለሆድ ቀዶ ሕክምና በጡንቻ ሽፋኖች መካከል የሚሰጡ አሉ፤ ከነሱ አንዱ፣ ጀርባ ላይ የሚሰጠው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ገና የተገለጸ ነው፤ ዝናውም ከማስረጃው ፈጥኖ ሮጧል።

እኛ ዘንድ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሕመም ሕክምና ታሪክ በሁለት መድኃኒቶች መካከል የተወጠረ ነው። በአንድ በኩል ዲክሎፌናክና ትራማዶል አሉ፤ ሁሉም ቦታ ይገኛሉ፣ ለተሰበረ ጭን ግን አይበቁም። በሌላ በኩል ሞርፊንና ፔቲዲን አሉ፤ ለተሰበረ ጭን ይበቃሉ፣ ግን የሚኖሩት በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ፣ በመዝገብና በፊርማ ነው፤ ትንፋሽ ያዳክማሉ የሚለው ፍርሃት ደግሞ ከቁልፉ የጠነከረ ነው። «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2017 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው በዓመት በዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊን መሰል መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ከዚህ ቁጥር በታች ያለውን ሰው ስናየው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጥናት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 10 ሰዎች 9ኙ ከሕክምናው በኋላ ሕመም ላይ እንደነበሩ መዝግቧል። ጤና ሚኒስቴር ከአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ጋር «ከሕመም ነጻ ሆስፒታል» የሚል ሥራ መጀመሩ ሕመም እንደ ሙቀትና እንደ ደም ግፊት ተለክቶ እንዲጻፍ አድርጓል፤ መለካቱ ግን ማስታገሱን ይዞት አይመጣም።

ነርቭን ማደንዘዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የጀርባ መርፌ በየዞኑ ሆስፒታል በየቀኑ ይሰጣል፤ «ሙሉ ማደንዘዣ ነው ወይስ ግማሽ?» ብሎ የማይጠይቅ አስታማሚ የለም። ይህን ሥራ የተሸከሙት በአብዛኛው ሐኪም ያልሆኑ፣ በዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሠለጠኑ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ናቸው። የዓለም የማደንዘዣ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 ስፔሻሊስት ያስፈልጋል ሲል እኛ አንዱም ላይ አልደረስንም፤ ባለሙያዎቹ ባይኖሩ ኖሮ የገጠር ኦፕራሲዮን ክፍል ይዘጋ ነበር። ጎንደር፣ ዲላና አዲስ አበባ ውስጥ እነዚሁ ባለሙያዎች በኦፕራሲዮን ለወለዱ እናቶች ሆድ ላይ የሚሰጥ ብሎክንና ለጭን ስብራት የሚሰጠውን አጥንተው አሳትመዋል። የሚገርመው ብዙዎቹን የሠሩት በእጅ ዳሰሳ ነው፤ ስክሪን እስኪመጣ አልጠበቁም። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በጥቁር አንበሳ የተጀመረው የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲም አልትራሳውንድን ከሬዲዮሎጂ ክፍል አውጥቶ አልጋ ዳር ያመጣ ትውልድ እያፈራ ነው።

መሣሪያውስ? የሰው ግምት «ከአዲስ አበባ ውጭ የለም» ነው። ስሕተት ነው። ጤና ሚኒስቴር አዋላጅ ነርሶችን አሠልጥኖ የነፍሰ ጡር አልትራሳውንድ ወደ ጤና ጣቢያ ካወረደ ቆይቷል። ልዩነቱ ገላ ላይ የሚያርፈው የመሣሪያው ጫፍ፣ ፕሮቡ፣ ላይ ነው። ለፅንስ የሚያገለግለው ጎበጥ ያለ ፊት ያለው ፕሮብ ጥልቀት ያያል፣ ጥራት ግን ይቀንሳል፤ ከቆዳ ሥር በአንድና በሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ነርቭን ለማየት ቀጥ ያለ ፊት ያለው፣ ከፍ ባለ ድግግሞሽ የሚሠራ ፕሮብ ያስፈልጋል። ሰውነቱ ወፍራም በሆነ ሰው ላይ ወይም ጥልቅ ለሆነ ነርቭ የፅንሱም ፕሮብ ይረዳል። በ2018 እ.ኤ.አ. ገደማ ለገበያ የወጣው፣ ከስልክ ጋር የሚያያዘውና በአንድ ፕሮብ ሁሉንም ለማየት የሚሞክረው «በተርፍላይ» የሚባለው መሣሪያ ሲወጣ ዋጋውን ወደ 2,000 ዶላር አውርዶት ነበር። በባትሪ መሥራቱም መብራት ለሚሄድበት አገር ቀላል ነገር አይደለም። ራያ ውስጥ መብራት ለሰዓታት ሳይሆን ለወራት የጠፋበትን ጊዜ የሚረሳ የለም።

ታዲያ ለምን ዘገየ? እኔ እንደሚመስለኝ ብሎክ የኦፕራሲዮን ክፍል ንብረት ተደርጎ ስለተቀመጠ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ሐኪም ያያል፣ ከዚያ ራጅ፣ ከዚያ ተራ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፤ ማደንዘዣው የሚያገኘው ቢላዋ ሲመጣ ነው። ሕመሙ ግን የጀመረው ማሳው ላይ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋውም መጀመሪያው ቀንና መንገዱ ነው። የሕመም ሕክምና ከሁሉ የበለጠ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማንም እጅ ውስጥ የለም። ይህ ችግር ደግሞ በግዥ አይፈታም፤ የሚፈታው በፈቃድና በልማድ ነው፦ ቆቦ ድንገተኛ ክፍል ያለ ባለሙያ «ይህን እኔ ልሥራው» ለማለት የሚያስችለው ፈቃድ፣ ሥልጠናና ተጠያቂነት።

ወጌሻውና የሚያስፈራው ሕመም

የራያ ሰው አጥንቱ ሲሰበር መጀመሪያ የሚያስበው ወጌሻን ነው። ይህን በንቀት ማየት ቀላል ነው፤ ወጌሻው ግን ቅርብ ነው፣ በቋንቋው ያወራል፣ እስኪከፈለው ይታገሣል፣ ብዙ ጊዜም ያሽላል። ችግሩ ማሰሪያው ነው። ክንድ ወይም ባት ሲሰበር ጡንቻው ያብጣል። በቀርከሃ አጥብቆ የታሰረ እብጠት የሚሄድበት አጥቶ ግፊቱ ይጨምራል፣ ደም ይቆማል፣ ጡንቻው ይሞታል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ወጌሻ ያሰረው እጅ ወይም እግር በጋንግሪን ተበላሽቶ የተቆረጠባቸው ልጆች ታሪክ ተደጋግሞ ተጽፏል። የዚህ አደጋ የመጀመሪያ ጩኸት ደግሞ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን ሕመም ነው፤ በተለይ ጣቶች ሲዘረጉ የሚብስ።

ብሎክን የሚቃወሙ የአጥንት ሐኪሞች ጠንካራ መከራከሪያ ይኸው ነው፦ ሕመሙን ካደነዘዝከው የሚጮኸውን ዘበኛ ገደልከው። ቅልጥምና ክንድ ላይ ልክ ናቸው፤ በተለይ ወጌሻ ቤት ሁለት ቀን ቆይቶ የመጣ፣ እግሩ ያበጠና የተወጠረ ልጅ ላይ ማንም ብሎክ አያድርግ። መጀመሪያ ማሰሪያው ይፈታ፣ ሐኪም ይየው። ጭንና ዳሌ ላይ ግን ይህ አደጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ የእኛ አባት ጉዳይ ከዚህ ውስጥ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ብሎክ አደገኛ ነው» ማለት የብዙ ሽማግሌዎችን ሌሊት አስረዝሟል።

አገሩ ቆላ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። እባብ የነደፈው ሰው እግሩ አብጦ ሲያሰቃየው ብሎክ የሚያስብ ካለ ይቁም። አንዳንድ የእፉኝት መርዞች ደምን እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ጥልቅ መርፌ መውጋት የማይቆም ደም መጋበዝ ነው።

የቁስለኛ መንገድ

ይህ መንገድ ቁስለኛ ሲያመላልስ አዲሱ አይደለም። ኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ ቀይ መስቀል የተሳለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል በጣልያን አውሮፕላን ተመታ። በዚያው ዓመት የካቲት ቆረም አጠገብ የሰፈረው የእንግሊዝ አምቡላንስ ካምፕ በቦምብ ተደበደበ። የጣልያን የመርዝ ጋዝ ያንገበገባቸው ሰዎችም በዚያ ሜዳ ላይ ነበሩ። በቅርቡ ደግሞ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ እንደገናም ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቆቦና ዙሪያው የጦር ሜዳ ሆነ። የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ተዘረፉ፣ ተጎዱም። ዘመድ በቃሬዛ ያወጣው ሰው ሆስፒታሉ በር ላይ ደርሶ ያጣው መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ የሚቀበለውም ሰው አልነበረም።

የጦር ሐኪሞችም የብሎክን ጥቅም ያዩት በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ነው። በጥቅምት 2003 እ.ኤ.አ. ኢራቅ ውስጥ ባላድ በሚባል ቦታ እግሩ የቆሰለ አንድ የአሜሪካ ወታደር ነርቮቹ አጠገብ ቀጭን ቱቦ ተተክሎለት፣ መድኃኒቱ እየተንጠባጠበ ጀርመን ከዚያም አገሩ ተወሰደ። ዘመናዊ ጦር ሕመምን የጉዞ ችግር አድርጎ ያየው ያኔ ነው። ቱቦው ለቆቦ ላይሆን ይችላል፤ ጥበቃና ንጽሕና ይጠይቃል። አንድ ጊዜ የሚሰጥ የቡፒቫኬይን ብሎክ ግን ከዋጃ ደሴ ላለው መንገድ ይበቃል።

ሚሊግራሙና ስቡ

የሚያስፈራው ነገር ሒሳቡ ነው። የራያ ቆላ ገበሬ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተራ ሊዶኬይን በኪሎ 4.5 ሚሊግራም ቢፈቀድለት በጠቅላላ 225 ሚሊግራም ነው፤ በየፋርማሲው በሚገኘው 2 በመቶ መድኃኒት ይህ 11 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ለጭን የሚሰጠው ሽፋን ሥር የሚፈስሰው ብሎክ ግን 30 እና 40 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ መጠኑ ካነሰ አይደርስም። ስለዚህ የቀጠነ መድኃኒት ያስፈልጋል፦ ቡፒቫኬይን በ0.25 በመቶ፣ በኪሎ 2 ሚሊግራም፣ ለ50 ኪሎ ሰው 40 ሚሊ ሊትር። ይህን ሳያሰላ «አንድ ጠርሙስ» የሚወጋ ባለሙያ ሰው ይገድላል። ለጀርባ የሚሆነው፣ ስኳር የተጨመረበት ከባዱ ቡፒቫኬይንም ለዚህ አይደለም።

መጠኑ ካለፈ ወይም ደም ሥር ውስጥ ከገባ ምልክቱ የታወቀ ነው። ምላስ ይደነዝዛል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ልብ ይቆማል። «አባቴ፣ አፍዎን ምን ይልዎታል?» ብሎ በየደቂቃው መጠየቅ ከማንኛውም ማሽን የሚቀድም መከላከያ ነው። ማርከሻው የሚያስገርም ነው፦ በአፋቸው መመገብ ላልቻሉ ሕሙማን በደም ሥር የሚሰጠው ነጭ የስብ ፈሳሽ። በ1998 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ተገኘ፣ በ2006 የመጀመሪያው ሰው ላይ ሠራ። 20 በመቶ የሆነው በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር በፍጥነት ይሰጣል። ይህ ፈሳሽ በብዙዎቹ የገጠር ሆስፒታሎቻችን መደርደሪያ ላይ የለም። አንድ ወረዳ ብሎክ ልጀምር ካለ ፕሮብ ከመግዛቱ በፊት ይህን፣ ኦክስጅንንና ትንፋሽ መስጫውን ባሎን ይግዛ።

ማን ይውጋ?

ስፔሻሊስቶቹ «መሣሪያና ሥልጠና ሳይሟላ አይጀመርም» ይላሉ። ወረዳዎቹ «ባለሙያ የለንም» ይላሉ። መካከል ላይ ያለው ሰው ሪፈር ይጻፍለታል። ሁሉም እውነት አላቸው፣ ከሁሉም የሚተርፈው ግን የጭኑ ሕመም ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው «ሳልትስ» የተባለው የቀዶ ሕክምና ማስፋፊያ ሥራ ኦፕራሲዮን ክፍሎችን ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች አውርዷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2002 ዓ.ም. ገደማ (2009 እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች ሥልጠና ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሰው፣ በደንብ ከተማረና ከተቆጣጠሩት፣ ሆድ ከፍቶ ሕይወት ሊያድን እንደሚችል አሳይቷል። ሆድ የሚከፍት እጅ የፈቀደ አገር ብሽሽት ላይ መርፌ የሚወጋ እጅ መፍራቱ ትንሽ ይገርመኛል።

የእኔ ምርጫ ጠባብ ነው። ሃያ ዓይነት ብሎክ አያስፈልግም፤ አንድ ይበቃል። ቆቦና ወልድያ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ለጭንና ለዳሌ ስብራት ብቻ፣ በማደንዘዣ ባለሙያዎቹ እጅ ይጀመር። ቀጥ ያለ ፕሮብ ካለ በስክሪን፣ ከሌለ በሁለቱ «ጧ»። ከመወጋቱ በፊት ሰውየው ጣቶቹን ማንቀሳቀሱ ይታይና ይጻፍ፤ በኋላ «መርፌው ነው እግሬን የገደለው» ሲባል የሚመለስ መልስ እንዲኖር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ነርሶቹ ይማሩ። ጤና ጣቢያ ላይ ገና ነው፤ ዋጃ ላይ ልብ ሲቆም የሚያስነሳ መሣሪያ ሳይኖር ቡፒቫኬይን መስጠት አይገባም። ዋጃ ያለችው ነርስ ማድረግ የምትችለው እግሩን በደንብ አስተካክላ ማሰርና ቆቦ ደውላ «ብሎክ የሚያስፈልጋቸው አባት እየመጡ ነው» ማለት ነው። ያ ስልክ ራሱ ዛሬ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ያየኋቸው የሪፈር ወረቀቶች የተሰጠ ብሎክ የሚጻፍበት ቦታ የላቸውም። ቆቦ የተሰጠ ማደንዘዣ ደሴ ሲደርስ ማንም ሳያውቀው ሁለተኛ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ ያ 100 ሚሊግራም 200 ይሆናል። ስለዚህ ሌላ አገር እንደሚደረገው ባለሙያው ጭኑ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር ላይ በእስክሪፕቶ ይጽፋል፦ «ቡፒቫኬይን 100 ሚሊግራም፣ ግራ ብሽሽት፣ ከቀኑ 8፡20፣ ቆቦ»። የአምቡላንሱ በር ይዘጋል። አባታችን ከቆቦ ወጥተው በወልድያ መንገድ ላይ ጎቢዬ ሲደርሱ፣ የወንድማቸው ልጅ ገና «አብሽሩ» ሊል ሲል፣ የሽንኩርቱ ዋጋ ዘንድሮ ስንት እንደገባ ይጠይቁታል።